ቀጭን መስመር በኤርብረሽ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን የላካችሁልኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚያርፉት፤ በኤርብረሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጨው ብዕር መሳይ መሣሪያ፣ ቀጭን መስመር እንዴት ይወጣል? የተመሳሰሉትን ሰብሰብ አድርጌ እነሆ።

ኤርብረሼ ባለ 0.3 ሚሊሜትር ኖዝል (ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ) ነው። 0.2 ብገዛ መስመሬ ይቀጥናል?

አሁን ገንዘብህን አታውጣ። በ0.3 የዓይን ሽፋሽፍት ይሳላል፤ እጁን የፈታ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ይሠራበታል። ቀጭን መስመር የሚያወጡት የቀጠነ ቀለም፣ ዝቅ ያለ ግፊትና ወደ ወረቀቱ የተጠጋ እጅ ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ አብረው ነው የሚሄዱት። ግፊቱን ቀንሰህ ቀለሙን እንደ ወፈረ ከተውከው ነጠብጣብ ይተፋብሃል፤ ቀለሙን አቅጥነህ ግፊቱን ከፍ እንዳለ ከተውከው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ይበተናል። 0.2 የራሱ ጣጣ አለው፦ ቶሎ ይደፈናል፣ ለቀለም ምርጫም አስቸጋሪ ነው። መጀመሪያ ያለህን መሣሪያ ጥግ ድረስ ሞክረው።

ቁጥሩን ንገረን፤ ግፊቱ ስንት ይሁን?

ለጥቃቅን ሥራ ከ10 እስከ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ባለው ጀምሩ፤ በባር ከ0.7 እስከ 1 ገደማ ማለት ነው። ግፊቱን የሚያሳየውን ጌጅ የምታነቡት ግን አየሩ እየወጣ እያለ ይሁን፤ ቃታውን ስትጫኑት ግፊቱ ዝቅ ይላልና። ቀለሙ ከወተት ቀጠን ይበል። ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞክሩ። መስመሩ አሸዋ አሸዋ ካለ መጀመሪያ ማቅጠኛ ጨምሩ፤ ካልተስተካከለ ብቻ ግፊቱን በትንሹ ከፍ አድርጉ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ነው የሚሠራው፣ ግፊቱን ይጨምርና መስመሩ ይሰፋበታል። የቀጠነ ቀለም ፈዘዝ ብሎ ነው የሚወጣው፣ አትደንግጡ፤ እየደራረባችሁ አድምቁት።

ተጠግቼ ስሰራ ቀለሙ እየሮጠ የሸረሪት እግር ያወጣብኛል።

ከሚገባው በላይ ቀለም እየለቀቅሽ ነው፣ ወይም እጅሽ አንድ ቦታ ቆሟል። ወረቀቱ ሳይመጠው አየሩ ይገፋዋል፣ እግር የሚያወጣውም ለዚህ ነው። ቃታውን በጣም ጥቂት ሳቢ፣ እጅሽን ፈጠን አድርጊ። ኤርብረሽሽ ከጀርባው፣ ቀለሙን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን መርፌ እንቅስቃሴ የሚገድብ ብሎን ካለው አጥብቂው፤ ጣትሽ ቢሳሳት እንኳ መርፌው ከተወሰነው በላይ አይከፍትም።

መስመሬ ሲጀምርና ሲያልቅ ነጥብ አለው። ምንድን ነው የማጠፋው?

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፣ ነገሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በባለ ሁለት ተግባር ኤርብረሽ ቃታውን ወደ ታች ስትጫን አየር፣ ወደ ኋላ ስትስብ ቀለም ይመጣል። ነጥቡ የሚፈጠረው እጅህ ሳይንቀሳቀስ ቀለሙ ስለሚወጣ ነው። እንዲህ አድርግ፦ መጀመሪያ አየሩን ልቀቅ፣ እጅህን አንቀሳቅስ፣ እጅህ እየሄደ ሳለ ቃታውን በስሱ ሳብ። ስትጨርስም እጅህ ሳይቆም ቃታውን ወደ ፊት መልስ፣ አየሩን መጨረሻ ላይ ዝጋ። አየሩን ከመስመር መስመር ባትዘጋው ደግሞ የተሻለ ነው፤ ቃታውን እንደተጫንክ ቀለሙን ብቻ ክፈት፣ ዝጋ። አየሩን ቀድመህ ከዘጋህ ጫፉ ላይ ቀለም ይቀራል፣ የሚቀጥለው መስመርህም በተተፋ ነጠብጣብ ይጀምራል።

በየደቂቃው ጫፉ ይደርቅብኛል፣ አክሪሊክ ነው የምጠቀመው።

አክሪሊክ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ነው፣ ጠባዩ ነው። መርፌውን ቀርበህ ብታየው ጫፉ ላይ ትንሽ የደረቀ ቀለም ታገኛለህ፤ መስመሩ መጀመሪያ ይሳሳል፣ ከዚያ ድንገት ይተፋል። በማቅጠኛ በረጠበ ለስላሳ ብሩሽ ቶሎ ቶሎ ጥረገው። የቀለሙን መድረቅ የሚያዘገይ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ጨምርበት፤ ከበዛ ግን ቀለሙ ወረቀቱ ላይም አልደርቅ ይላል። ጠርገህም መስመሩ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የመርፌው ጫፍ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። አውጥተህ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በቀስታ አንከባልለው፤ ጫፉ ከተወዛወዘ ታጥፏል ማለት ነው።

ኮምፕረሰሬ የአየር ማጠራቀሚያ የለውም፣ ችግር አለው?

ለሰፊ ሥራ ብዙም አያሳስብም። ቀጭን መስመር ላይ ግን የሞተሩ ምት ሊታይ ይችላል፣ መስመሩ ወፈር ቀጠን ይላል። ማጠራቀሚያ ያለው አየሩን እኩል ያደርገዋል።

የመርፌውን መከላከያ ቆብ ማውለቅ ይቻላል?

ይቻላል፣ እኔም በጣም ስጠጋ አወልቀዋለሁ። ቆቡ ሲወልቅ ጫፉን በደንብ ታዩታላችሁ፣ ከወረቀቱ የሚመለሰው አየርም ቀለም አያጠራቅምበትም። ግን መርፌው እርቃኑን ነው የሚቀረው፤ አንዴ ወረቀቱን ከነካ ሊታጠፍ ይችላል። ሥራ ስታቆሙ፣ ስልክ ለማንሳትም ቢሆን፣ መጀመሪያ ቆቡን መልሱ። ፊታችሁን ወደ ሥራው ስለምታስጠጉም ለቀለም ርጭት የሚሆን ማስክ አድርጉ፤ ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን ቢሆንም ጉሙ ሳንባ ይገባል።