አንድ ኮርስ በውል ለማስተማር ለምትፈርሙ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ሁለተኛ ዲግሪያችሁን ይዛችሁ፣ ቋሚ ቅጥር እስኪገኝ ድረስ በድሬዳዋና በሐረር ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ወይም ሁለት ኮርስ በውል እንድታስተምሩ የምትጠየቁ ብዙ ናችሁ። እኔ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በዚሁ አካባቢ ነው፤ መጀመሪያ በመምህርነት፣ ኋላም በትምህርት ክፍል ኃላፊነት እንዲህ ያሉ መምህራንን ስፈልግ፣ ሳዋውልና ክፍያቸውን ሳስጨርስ ስለኖርኩ የቀጣሪውንም የተቀጣሪውንም ችግር በቅርብ አውቀዋለሁ። ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህን ነው፤ ውሉ ዋጋ የሚተምነው ክፍል ውስጥ ለምትቆሙበት ሰዓት ሲሆን ተማሪው ከእናንተ የሚፈልገው ሥራ ግን አብዛኛው ከዚያ ሰዓት ውጭ የሚሠራ ስለሆነ፣ ይህን ውጭ የሚቀረውን ሥራ አስቀድማችሁ ቆጥራችሁ ካልተዋዋላችሁ ወይ እናንተ ትጎዳላችሁ ወይ ተማሪው ይጎዳል።

ሒሳቡን እንየው። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ በሳምንት ሦስት ሰዓት ቢሰጥ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል፤ የሚከፈላችሁም በዚህ ነው። ኮርሱን ስታስተምሩት የመጀመሪያችሁ ከሆነ ለአንድ ሰዓት ትምህርት ሁለት ሰዓት መዘጋጀት አይበዛም፤ ይህ 96 ሰዓት ነው። ክፍሉ 60 ተማሪ ቢኖረውና ለእያንዳንዱ ወረቀት 15 ደቂቃ ብትሰጡ የሚዱ እርማት 15 ሰዓት፣ የፋይናሉም እንዲሁ 15 ሰዓት ይወስዳል፤ አሳይመንቱንና ኩዊዙን ገና አልነካሁም። መኖሪያችሁ ድሬዳዋ ሆኖ የቅዳሜ የኤክስቴንሽን ክፍላችሁ ሐረር ከሆነ ደግሞ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ከመጠበቅ ጀምሮ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፋችሁ፣ አስተምራችሁ እስክትመለሱ መንገዱ ብቻ ሦስት ሰዓት ሊወስድባችሁ ይችላል። በ16 ሳምንት ይህም 48 ሰዓት ነው፤ ማስተማሩ የሚፈጀውን ያህል መንገዱም ይፈጃል ማለት ነው። ሁሉም ሲደመር 222 ሰዓት ይሆናል። የቀረበላችሁን ክፍያ ለ48 ሳይሆን ለ222 አካፍሉትና የሚወጣውን ቁጥር ካያችሁ በኋላ ተቀበሉ ወይም ተዉት። ብዙ ወጣት ይህን ሒሳብ የሚሠራው በአሥረኛው ሳምንት ላይ፣ ሦስት ተቋም ውስጥ አምስት ኮርስ ይዞ ከደከመ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀነሰው ደግሞ ዝግጅቱና እርማቱ ነው፣ የክፍል ሰዓቱ በአቴንዳንስ ስለሚታይ።

ይህ ዓይነቱ ቅጥር ለምን እንደበዛ ማወቅም ይጠቅማችኋል። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት በአንድ ሰሞን ከተመሠረቱት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነበርና፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መምህር ሲፈልጉ አገሪቱ ያስመረቀቻቸው ባለ ሁለተኛ ዲግሪዎች አልበቁም። የግል ኮሌጆች ደግሞ የማታና የቅዳሜና እሑድ ክፍሎቻቸውን በአብዛኛው በውል መምህራን ይሸፍናሉ። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. በአዲሱ አሠራር ሲሰጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በቀጣዩ ዓመትም 3.2 ከመቶ ብቻ ስለነበሩ፣ አዲስ ገቢ ተማሪ ሲያንስ ሴክሽኖች ይታጠፋሉ፤ ሴክሽን ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚሰናበተው ባለ ውሉ መምህር ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት፣ ክፍሉ በሦስተኛው ሳምንት ከሌላ ክፍል ጋር ቢቀላቀል ወይም ኮርሱ ቢሰረዝ ላስተማራችሁት ሰዓት እንዴት እንደሚከፈላችሁ ጠይቁ፤ መልሱም ውሉ ላይ ይጻፍ። «እሱን እንነጋገርበታለን» የሚለውን መልስ እንደ መልስ አትቁጠሩት።

ስለ ኮርስ አመራረጥ ያለኝ አስተያየት ሁሉንም ደስ ላያሰኝ ይችላል። ድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የባቡር መስመር፣ ጉምሩክና ነፃ የንግድ ቀጣና ያላት ከተማ ስለሆነች በሥራው ላይ ያሉ ባለሙያዎችን ወደ ክፍል ማምጣት ትልቅ ጥቅም አለው፤ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓትን ከሚያስፈጽመው ሰው የተማረና ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ተማሪ መጋዘን ውስጥ ሲቆም ይለያያሉ። የአንደኛ ዓመት መሠረታዊ ኮርሶችን ግን በውል መምህር ማሸፈን አልወድም። እነዚያ ልጆች ከክፍል በኋላ ቢሮ ፈልገው የሚመጡ፣ ያልገባቸውን ደግመው ደጋግመው የሚጠይቁ ናቸው፤ የውል መምህር ደግሞ ቢሮ የለውም። ምርጫ ካላችሁ የሠራችሁበትን፣ በተጨባጭ የምታውቁትን ኮርስ ያዙ። ቢቻልም በግንቦት ወር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሚመደብ ክፍል እንዳይደርሳችሁ ሬጅስትራሩን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ በድሬ ሙቀት በዚያ ሰዓት የሚማርም የሚያስተምርም የለም።

ለእኛ አካባቢ ብቻ የምለው አንድ ነገር አለ። ማስተማሪያው በሕግ እንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ተማሪው ፊቱን ሲያጨማድድ ወደ አማርኛ መሸሽ የተለመደ ነው። ክፍላችሁ ውስጥ ግን ከሶማሌ ክልል ወይም ከሐረርጌ ገጠር የመጣ፣ አማርኛ እምብዛም የማይሰማ ልጅ ይኖራል፤ እናንተ ለግማሹ ክፍል ስታቀሉለት ለእሱ ጨርሶ ትዘጉበታላችሁ። ከቻላችሁ ቀለል ባለ እንግሊዝኛ ድገሙት፤ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የምታውቁ ከሆነም ከክፍል በኋላ ለየብቻ አስረዷቸው።

ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት ምንድን ነው? የፈተና አወጣጡና እርማቱ በክፍያው ውስጥ መሆን አለመሆኑ፣ ለሜክአፕ ፈተናና ለፈተና ጥበቃ የሚከፈል መኖሩ፣ የግሬድ ቅሬታ እስከ መቼ ድረስ መጥታችሁ እንደምታዩ፣ ክፍያው በየወሩ ይሁን ግሬድ ሲገባ፣ የማስተማሪያው ክፍያ በየትኛው የማዕረግ እርከን እንደሚሰላ። የቲን ቁጥራችሁን ቀድማችሁ አውጡ። ተቋሙ የመንግሥት ከሆነ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ አትርሱ፤ የሁለተኛው ሴሚስተር ክፍያ ሰነዱ ተሟልቶ ከዚያ ቀን በፊት ፋይናንስ ካልደረሰ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ይተላለፍና ወራት ይፈጃል። ግሬድ ሐምሌ ላይ የሚገባ መስሎ ከታያችሁ እስከዚያ ያስተማራችሁትን ለይታችሁ በሰኔ አጋማሽ አስጠይቁ።

ክፍያ ሲዘገይ ግሬድ ይዞ መቆየት በዚህ ሙያ የታወቀ ዘዴ ነው። አልመክራችሁም። ኃላፊው በዚያ ምክንያት አይቸኩልም፤ የሚንገላታው የመመረቂያ ወረቀቱን የሚጠብቅ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለመውጫ ፈተና ለመመዝገብ ውጤቱ መሟላት ያለበት ልጅ ነው። ግሬዱን አስገቡ፤ ማስገባታችሁን የሚያሳይ የተፈረመበት ኮፒ ያዙ፤ ከዚያ ገንዘባችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ውላችሁ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚገዛ ከሆነ ያልተከፈለ ደመወዝ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳልና «ዛሬ ነገ» እያሉ ጊዜ እንዳያሳልፉባችሁ።

ስለ ግሬድ ካነሣሁ አይቀር፣ በውል ካስተማሩልን መካከል የአንዲት የሒሳብ ባለሙያን አሠራር ልንገራችሁ። በሳምንቱ ቀናት ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ነበረች። ከፋይናል በፊት በነበረው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ የታረሙትን ወረቀቶች ሁሉ በክላሰር ይዛ ትገባና ለተማሪዎቹ ትመልሳለች፤ የእያንዳንዱን ጥያቄ መልስ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ትሠራለች፤ ተማሪው ድምሩን ራሱ ደምሮ፣ ከመታወቂያ ቁጥሩ አጠገብ ያለውን ውጤት አይቶ ይፈርማል። ድምር የተሳሳተበት ካለ እዚያው ታስተካክላለች። ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ስለ ተከታታይ ምዘናው ውጤት እኔ ቢሮ የመጣ ቅሬታ አልነበረም። ሦስት ሰዓት ፈጅቶባታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለዚያ ክፍል ማንም በሥራዋ መካከል አልደወለላትም።

ከእናንተ ውስጥ ነገ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የምትሆኑ አላችሁና ለእነሱም ጥቂት ልበል። መምህር የሚፈለገው ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት እንጂ በአምስተኛው ሳምንት አይደለም። በአምስተኛው ሳምንት የተዋዋለ ሰው የ16 ሳምንቱን ትምህርት በብሎክ አጭቆ ይጨርሳል፤ ያልተነካው ምዕራፍም በመውጫ ፈተናው ላይ ይገለጣል። ኮርስ አውትላይኑን፣ ያለፈውን ዓመት ፈተናና የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ውሉ በተፈረመበት ቀን ስጡት። መቀመጫና ቁልፍ ያለው መሳቢያም ፈልጉለት፤ የፈተና ወረቀት ሚኒባስ ውስጥ ይዞ መዞር የለበትም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ሳትይዙ አትሂዱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለሚመለከታችሁ ማስረጃው ያለ ክፍያ የሚሰጥ መብታችሁ ነው። የኮርሱ ስም፣ የክሬዲት ሰዓቱ፣ ሴሚስተሩና ዓመተ ምሕረቱ ተለይተው ይጻፉበት፤ «በትርፍ ሰዓት አስተምረዋል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ቋሚ ቅጥር ስትወዳደሩ ስንት ዓመት ተብሎ እንደሚያዝላችሁ ማንም መናገር አይችልም። የሚያውቃችሁ ኃላፊ ከመቀየሩ በፊት አስፈርሙት፤ ማኅተሙንም አረጋግጡ።