ለመምህርነት ለምትመዘገቡ ልጆቼ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ የሰፈራችን ልጆች በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይዘውልኝ ይመጣሉ፦ «ለአንደኛ ደረጃ ብሠለጥን ይሻላል ወይስ ለሁለተኛ?» አብዛኞቹ መልሱን በልባቸው ቋጥረው ነው የሚመጡት፤ ዲግሪ ይበልጣል፣ ደመወዙም ክብሩም እዚያ ነው። አልፈርድባቸውም። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚያስተምር ሰርተፊኬት፣ እስከ 8ኛ ዲፕሎማ፣ ከዚያ በላይ ዲግሪ ሲጠየቅ ሁላችንም እንደ መሰላል ቆጠርነው። እኔም አንድ ዓመት ሠልጥኜ አንደኛ ክፍል ገባሁ፤ በክረምት እየተማርኩ የሒሳብ ዲግሪ ያዝኩና ወደ ሁለተኛ ደረጃ «ወጣሁ»። ይህ ቃል ዛሬ ይቆረቁረኛል።

አንደኛ ክፍል ሳስተምር አንዲት ልጅ ነበረችኝ። የፊደል ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ ትወርደዋለች። «ሞ»ን ለብቻው ሳሳያት ግን ዝም ትላለች፤ ከዚያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ…» ብላ ቆጥራ ትደርስበታለች። ተራውን ሸመደደች እንጂ ፊደሉን አልለየችም። ካርቶን መሐሉን ቀድጄ ገበታው ላይ እያንሸራተትኩ አንድ አንድ ፊደል ብቻ አሳያት ጀመር። ሳምንታት ፈጀብን። ከዓመታት በኋላ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ቀመሩን በቃላቸው የሚወርዱ፣ በዓረፍተ ነገር የተጻፈውን ጥያቄ ግን አንብበው መረዳት የሚያቅታቸው ተማሪዎች ሲገጥሙኝ ያች ካርቶን ትዝ አለችኝ። ችግሩ እኔ ትቼው በመጣሁት ክፍል የተጀመረ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። «ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል?» የሚል ተማሪ ይነሳል። «ሕጉ ነው» ብላችሁ ካለፋችሁት ዳግም አይጠይቃችሁም። ትምህርቱን ራሱን የማይወድ ሰው እዚያ አይበረክትም። አንደኛ ደረጃ ደግሞ ልጁን፣ አወዳደቁንና አነሳሱን ማጥናት የማይሰለቸውን ሰው ይፈልጋል።

በ2015 የወጣው ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 6ኛ፣ መካከለኛውን 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛውን ከ9ኛ እስከ 12ኛ አድርጎታል። የመግቢያ መስፈርቱን ከሚቀበላችሁ ኮሌጅ ጠይቁ። የደመወዙንም ልዩነት ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉ፤ እሱን ናቁት አልልም።

ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ግን በሰፈራችሁ ያለውን ርዕሰ መምህር አስፈቅዱና ሦስት ቀን አንደኛ ክፍል፣ ሦስት ቀን ዘጠነኛ ክፍል ከኋላ ተቀመጡ። ከተቻለ በመስከረም ይሁን፤ በሰኔ ልጆቹ እርሳስ መያዝ ለምደዋል፣ እናታቸውን ፈልገው ማልቀሱንም ትተዋል፣ የመምህሩ ድካም አይታያችሁም።