ካንሰርን በደም ዲኤንኤ ማግኘት፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሞለኪውላር ላብራቶሪ ሰው ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። የዛሬው ርዕስ የሆንግ ኮንጉ ተመራማሪ ዴኒስ ሎ የጽንስንና የካንሰርን ዲኤንኤ ከደም ውስጥ ፈልጎ ያገኘበት ሥራ ነው። አስቀድሜ ልናገር፦ ፖዘቲቭ ማለት ካንሰር አለ ማለት አይደለም።

ማክዳ፦ ጋሼ፣ እውነት የጽንስን ዲኤንኤ በእናት ደም ውስጥ ያገኘው ኑድልስ ሲቀቅል ነው?

መልስ፦ ኑድልሱ የሰጠው ዘዴውን ነው። በ1996 የዕጢ ዲኤንኤ በካንሰር ሕሙማን ፕላዝማ (ሴሎቹ ሲወጡ በሚቀረው የደም ፈሳሽ) ውስጥ መኖሩ ታተመ። ሎ «ዕጢ ዲኤንኤውን ደም ውስጥ ከለቀቀ ጽንስስ?» አለ። ፕላዝማውን እንደ ኑድልስ ለ5 ደቂቃ ቀቀለው። ወንድ ካረገዙ 30 እናቶች በ24ቱ የዋይ ክሮሞዞም አገኘ። ሴት ዋይ የላት፣ ከልጁ ካልሆነ ከየት ይመጣል? ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ፣ 1997።

ቶማስ፦ ኢንዶሚ 5 ደቂቃ? ይላቁጣል እኮ። 3 ይበቃዋል።

ማክዳ፦ በርበሬ ካልገባበት ምኑን ኢንዶሚ ሆነ!

መልስ፦ እባካችሁ።

አቤል፦ ዶክተር፣ ስለ ካንሰር ትንሽ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም። ስለ የትኛው ካንሰር?

አቤል፦ ሎ የሠራበት።

መልስ፦ እንዲህ ጠይቀኝ። ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሳ፣ ደቡብ ቻይና የሚበዛ ካንሰር ነው። የካንሰሩ ሴሎች ኤፕስታይን ባር የሚባል ቫይረስ ይሸከማሉ። ሴሉ ሲሞት የቫይረሱ ዲኤንኤ ደም ውስጥ ይገባል። የሎ ቡድን ይህን ዲኤንኤ ፍለጋ ምልክት የሌላቸው 20,174 ወንዶችን መረመረ፣ በ2017 ታተመ። ፖዘቲቭ የሆነው ከ4 ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገምለታል። ሁለቴ ፖዘቲቭ የሆኑት 309 ናቸው፤ ካንሰር የተገኘው በ34ቱ። የቀሩት ስንት ሌሊት ሳይተኙ እንዳደሩ አስቡት። ግን ከ34ቱ 71 በመቶው ገና ደረጃ 1 ወይም 2 ላይ ነበሩ፤ ቀድሞ ያን ያህል በጊዜ የሚደረስበት 20 በመቶው ብቻ ነበር።

ትዕግስት፦ ቫይረስ ከሆነ በምራቅ ይተላለፋላ! ጉርሻ ልናቆም ነው?

ቶማስ፦ እኔ ድሮም በሰው እጅ አልጎርስም።

ትዕግስት፦ አንተ ድሮም ስስታም ነህ።

መልስ፦ ቫይረሱ ይተላለፋል፣ ካንሰሩ አይተላለፍም። አብዛኞቻችን ቫይረሱ አለብን። ተጎራረሱ።

ሳሚ፦ ደሜን እዚህ ተቀድቼ ውጭ ብልከውስ?

መልስ፦ ይህን ስጠብቅ ነበር! ደም ብልቃጥ ውስጥ ሲቆይ ነጭ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ። የእነሱ ዲኤንኤ የዕጢውን ይውጠዋል፣ ጋን ውሃ ውስጥ እንደገባ የወተት ጠብታ። በተለመደው ሐምራዊ ክዳን ብልቃጥ ከሆነ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሴንትሪፊውጅ (አሽከርክሮ ፕላዝማውን ከሴሎቹ የሚለይ መሣሪያ) መግባት አለበት። እሱም ሁለቴ፦ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በኃይል። ለቀናት የሚያቆይ ልዩ ብልቃጥ አለ፤ እሱን ጠይቅ። አንድ ቀን አድሮ የመጣ ናሙና ደረሰኝ። ፕላዝማ የጠጅ መልክ ሊኖረው ሲገባ ያኛው ከርካዴ መስሏል። ጣልኩት። ላኪዎቹ ተቆጡ፣ ይቆጡ። የምርመራ ማሽኑ እኮ ለተበላሸ ደምም ቁጥር ይሰጣል!

ሳሚ፦ ዋጋውስ?

መልስ፦ የምትልክበትን ቤት ጠይቅ።

ሄኖክ፦ ፖዘቲቭ ከሆነ ካንሰር ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ሄኖክ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብ። 309 እና 34።

ሰናይት፦ እናቴ አንገቷ ላይ እብጠት ካወጣች 2 ወር ሆናት። አያማትም። ይህ ምርመራ እዚህ እስኪመጣ ብንጠብቅስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትጠብቁ። ነገ ጠዋት የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ውሰጃት። እሱ ከእብጠቱ ናሙና ይወስዳል።