ጥያቄና መልስ፦ ኦርሲኖ ድንገት ነው እንዴ የተቀየረው?

ጥያቄ፦ ድራጎን ኤጅ 2 የሚባለውን ጌም ጨረስኩት፣ እስከ መጨረሻው ከአስማተኞቹ ጎን ቆሜ ስዋጋ መሪያቸው ኦርሲኖ ራሱ የተከለከለውን የደም አስማት (በደም ኃይል የሚሰራውን) ተጠቅሞ ጭራቅ ሆኖ መጣብኝ። ቀድሞ ፍንጭ ነበረው ወይስ ዝም ብለው ነው ያመጡት?

መልስ፦ ፍንጭማ አለ ወንድሜ፣ ግን አደባበቃቸው ለጉድ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የሆክን (የምትጫወትበትን ገጸ ባህሪ) እናት የገደለው ክዌንቲን መደበቂያ ስትገባ «ኦ» ተብሎ ብቻ የተፈረመ ደብዳቤ አለ፣ የሰውዬውን ምርምር የሚያደንቅ፣ ግን እናቱን ፍለጋ እየሮጠ ያለ ሰው ቆሞ ደብዳቤ ያነባል እንዴ? ስለዚህ ብዙ ሰው አልፎት ነው የሚሄደው። በኔ እምነት ችግሩ ፍንጩ ላይ አይደለም፣ ምክንያቱ ላይ ነው፣ ውጊያውን እያሸነፍን እያለን ተስፋ ቆርጦ ራሱን ጭራቅ ማድረጉ ምንም አይዋጥልኝም።

በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ድራጎን ኤጅ ግን እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ለውጥ በጣም አሳምሮ ነው የሰራው። አስማተኛ ሆነህ ከጀመርክ ጓደኛህ ጆዋን የደም አስማተኛ ነው የሚል ሀሜት ትሰማለህ፣ እሱ ግን በፍጹም ብሎ ይክዳል፣ ሙሉ አስማተኛ ለመሆን ለሚወሰደው የማለፊያ ፈተናም እስካሁን አልጠሩትም፣ አንተም ታዝንለትና እንዲያመልጥ ልትረዳው ትችላለህ፣ ልክ ስትያዙ ግን እጁን በቢላ ወግቶ በደሙ የያዟችሁን ሁሉ ይጥላቸዋል። ሀሜቱ እውነት ነበር ማለት ነው! ሬድክሊፍ የሚባለው ቦታ ላይ ደግሞ ያው ጆዋን ተመልሶ ይመጣል፣ እዛ ጋኔን የያዘውን ልጅ ለማዳን እናትየውን በደም አስማት መስዋዕት እናድርግ ይልሃል፣ እዛ ጋ የተከለከለውን ነገር መፍቀድ አለመፍቀድ ያንተ ምርጫ ነው።