ወርቃማ ቬሎ ሲመረጥ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የሠርግ ወራት ሲቃረብ ስለ ወርቃማ ቬሎና ስለ ወርቃማ ጥለት የሚደርሱን ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዣዥሞቹን አሳጥሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ከአዳማ የጻፈች ሙሽራ፦ ሱቅ ውስጥ ለክታው ደስ ብሏት ቀብድ የከፈለችበት ወርቃማ ቬሎ፣ እህቷ ደጅ ላይ በስልክ ባነሳችው ፎቶ ብርማ መስሎ ታይቷታል። ዓይኔን ልመን ወይስ ስልኩን? ትላለች።

ሁለቱንም እመኚ። ጨርቁ የተነከረበት ቀለም ቢጫ ወይም ቡናማ ነው፤ ወርቅ የሚያስመስለው ከላዩ የሚመለሰው ብርሃን ነው። ስለዚህ ወርቃማ ልብስ የዋለበትን ቦታ ቀለም ይዞ ይውላል። በሞቃት ቢጫ አምፖል ሥር (በብርሃን ቀለም መለኪያው 2700 ኬልቪን አካባቢ) ሻምፓኝ የሚባለው ፈዛዛ ወርቃማ ወደ ደማቅ ቢጫ ይሄዳል። ያው ጨርቅ በቀን ብርሃን (5500 ኬልቪን ገደማ) ቀዝቀዝ ብሎ ወደ ብርማነት ይጠጋል። የሚያብለጨልጭ ሳቲን ከሆነ ደግሞ ፓርክ ውስጥ ሣር ላይ ስትቆሚ ግርጌው አረንጓዴ ይቀባል። ፎቶ አንሺው ያጠፋው ነገር የለም፤ ጨርቁ ያየውን ነው የመለሰው።

ሱቆች መብራታቸውን የሚመርጡት ዕቃቸው እንዲያምር ነው፣ አይፈረድባቸውም። አንቺ ግን ቬሎውን የምትለብሺው እዚያ ሱቅ ውስጥ አይደለም። ቀሪውን ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት ይህን አድርጊ። ከዚያው ጨርቅ ቢያንስ 20 በ30 ሳንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ጠይቂ፤ የጥፍር ታህል ናሙና ምንም አትነግርሽም። ቁራጩን አገጭሽ ሥር ይዘሽ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ መስኮት አጠገብ፣ እኩለ ቀን ላይ ደጅ፣ ማታ ደግሞ ድግሱ በሚደረግበት አዳራሽ መብራት ሥር ፎቶ ተነሺ። በእያንዳንዱ ቦታ አንዱን ያለ ፍላሽ፣ አንዱን በፍላሽ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጨርቁ በጣም የሚከፋው ያኔ ነው፤ የመስክ ፎቶውን ወደ 10 ሰዓት ተኩል ብታዞሩት ይሻላል።

በፍላሽ ያነሳሽው ላይ ጨርቁ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ከታየ፣ ላዩ ከመጠን በላይ ለስላሳ ነው ማለት ነው። መፍትሔ አለው፦ ልብስ ሰፊው ከላይ አንድ ድርብ የዝሆን ጥርስ ቀለም ያለው ቱል (ስስ መረብ መሰል ጨርቅ) ቢያለብሰው ብልጭታው ይለሰልሳል። ፊትሽ ላይ ቢጫ ጥላ ከጣለ ደግሞ ከአንገቱ ዙሪያ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር የሚሆነው በክሬም ዳንቴል ይተካ። ለፊትሽ የሚቀርበው እሱ ነውና ቀሚሱን ሁሉ መለወጥ አያስፈልግም።

ከደብረ ብርሃን፦ ወርቃማ ቬሎ ከነጭ ጫማ ጋር ይሄዳል?

አይሄድም፤ ከልብሱ ትንሽ የጠቆረ ወርቃማ ወይም የቆዳሽን ቀለም የሚመስል አድርጊ።

ከአዲስ አበባ የደረሰን፣ ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ደብዳቤ፦ ጸሐፊዋ ጠይም ናት። ሠርጓ ከሦስት ወር በኋላ ነው። የቬሎ ሱቅ ሠራተኛዋ «ወርቃማ ለቀይ ሴት ነው የሚያምረው» ብላታለች። ጓደኛዋ ደግሞ ፊት የሚያቀላ ክሬም አምጥታላት ሁለተኛ ሳምንቷን እየተቀባች ነው። ቬሎውን ልለውጥ ወይስ ክሬሙ እስኪሠራ ልጠብቅ? ብላ ትጠይቃለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ክሬሙን አስቀምጪው። ማቅያ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጥ ያለው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ነው፤ ሁልጊዜም ማሸጊያው ላይ አይጻፍም። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያጋልጣል፣ ፊት ላይ ብጉር ያወጣል። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከሠርጉ በኋላ ብታረግዢ ለፅንሱም አይበጅም። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ፊትን መልሶ ሊያጠቁር ይችላል። ስታቆሚው ፊትሽ ቢቀላና ቢያቃጥልሽ «ካለ እሱ አይሆንልኝም» ብለሽ እንዳትመለሺበት። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፦ ክሬሙን ከነማሸጊያው ይዘሽ በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ፋርማሲ ቆመሽ አትጠይቂ፣ የውበት ሳሎንም ሐኪም አይደለም። ሦስት ወር ቆዳ እንዲያገግም ብዙውን ጊዜ ይበቃል፣ ካሁኑ ከጀመርሽ።

ወደ ቬሎው ልመለስ። «ወርቃማ ለቀይ ነው» የሚባለው ፈጽሞ ስህተት ነው። ልብስ ከሰው ላይ የሚታየው በልዩነቱ ነው። ፈዛዛ ሻምፓኝ ቀለም ፈካ ያለች ሴት ላይ ሲሆን ከቆዳዋ ጋር ተመሳስሎ ከሩቅ እርቃኗን የቆመች ሊያስመስላት ይችላል። ጥቁርና ጠይም ቆዳ ላይ ግን ያው ሻምፓኝ ጎልቶ ይወጣል፤ ጠለቅ ያለው፣ ያረጀ ወርቅ የሚመስለው ደግሞ የበለጠ ያምራል። ለአንቺ የሚያሰጋው ከቆዳሽ ጋር እኩል የሚሆነው መካከለኛ ነሐስማ ቀለም ብቻ ነው። እሱንም በቀላሉ ትለዪዋለሽ፦ ቁራጩን ክንድሽ ላይ አድርገሽ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺና ፎቶውን በስልክሽ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጪው። ክንድሽና ጨርቁ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ አንድ ደረጃ የፈካ ወይም የጠቆረ ፈልጊ። ከተለያዩ ልብሱ ያንቺ ነው። ሱቋ ውስጥ ያላማረብሽ ከሆነ ደግሞ ከላይ ለአዳማዋ ሙሽራ የጻፍኩትን አንብቢ፤ በነጭ ፍሎረሰንት ሥር ማንም ጠይም ሰው አመድማ ይመስላል።

ከባሕር ዳር፦ ቬሎዬ ትከሻ የለውም፣ ሙሉው ወርቃማ ብልጭልጭ ነው። እስክስታ ስሞክር ወደ ታች ይወርዳል። ብብቴንም ልጦኛል። ልብስ ሰፊዬ «ደረቱን አጥብቀዋለሁ» ይላል።

ደረቱን እንዲያጠብቀው አትፍቀጂ፤ መተንፈስ ያቅትሻል እንጂ መውረዱ አይቀርም። ትከሻ የሌለው ልብስ መያዝ ያለበት ወገብ ላይ ነው። ከውስጥ፣ ልክ በወገብሽ ቀጭኑ ቦታ፣ 2.5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የማይለጠጥ ጠንካራ ሪባን ይሰፋ። ሪባኑ በገበሩ ስፌቶች ላይ ብቻ ይያዝ፣ ከኋላ ዚፑ ሥር በሁለት መንጠቆ ይቆለፍ፤ ዚፑ የሚዘጋው ከእሱ በኋላ ነው። ያኔ የብልጭልጩን ክብደት ወገብሽ ይሸከመዋል፣ ደረቱ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ትከሻሽም እንደ ልቡ ይወርዳል ይነሣል።

ብብትሽን የሚልጠው የብልጭልጩ ጠርዝ ነው። ከብብትሽ ሥር 4 ሳንቲሜትር ያህል ወርዶ፣ የክንድሽ ውስጠኛ ክፍል የሚነካው ድረስ ያለውን ብልጭልጭ ነቅሎ በዚያው ቀለም ለስላሳ ጨርቅ ይተካው። ሲነቅል ክሩን ዝም ብሎ እንዳይቆርጠው አደራ በይው። ብዙዎቹ በአንድ ክር ተያይዘው የተሰፉ ስለሆኑ ጫፉ ካልተቋጠረ አዳራሹ መሀል መርገፍ ይጀምራሉ። ለመጨረሻው ልክ ስትሄጂ ቀጥ ብለሽ መስታወት ፊት አትቁሚ፦ ተቀመጪ፣ እጅሽን እንደምትጎርሺና እንደምታጎርሺ ዘርጊ፣ ለሁለት ዘፈን ያህል እስክስታ ውረጂ። ጉራግኛም መምጣቱ አይቀርምና ጉልበትሽን የአንድ ደረጃ ከፍታ ያህል አንሺ። ግርጌው አብሮ ከተሳበ ጉልበት ላይ ጠብቧል። ዓሣ ቅርጽ የሚባሉት ቬሎዎች ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት።

አንዲት እናት ከደሴ፦ ልጄ ወርቃማ ካልሆነ ትላለች፣ እኔ ሙሽራ ነጭ ነው የምትለብሰው እላለሁ። ተክሊል አለባት።

እመቤቴ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት የሚመልሱልዎ የንስሐ አባታችሁ ናቸው። ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው ግን አለ፦ ለተክሊሉ ትከሻና ክንድ የሚሸፍን ነጭ፣ ለማታው ድግስ ወርቃማው። ነጩ ሐበሻ ቀሚስ ወርቃማ ጥለት ያለው ቢሆን ደግሞ ሁለታችሁም አልተሸነፋችሁም። ልጅዎን በቬሎው ምክንያት እንዳያስከፏት እለምንዎታለሁ። ነጩ የፈረንጅ ቬሎ ራሱ የገነነው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 በፈረንጆች አቆጣጠር ነጭ ሳቲን ለብሳ ካገባች ወዲህ ነው። የኛ ነጭ ደግሞ ባለ ቀለም ጥለት ነው።

ከሽሮ ሜዳ የገዛ ሙሽራ፦ ለመልሱ ለሙሽራዬ ባለ ወርቃማ ጥለት ቀሚስ ገዛሁ። ሻጩ ክሩ እውነተኛ ወርቅ አለበት ብሎ ዋጋውን ሰቀለብኝ። እንዴት ላረጋግጥ?

የለበትም ብለህ ጀምር። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ወርቃማ ክር በአብዛኛው በጣም ስስ አሉሚኒየም የተቀባ፣ ቢጫ ቀለም የለበሰ ፕላስቲክ ነው። ከስፌቱ ውስጥ ካለው ትርፍ ጨርቅ አንድ ክር ምዘዝ፣ በወረንጦ ይዘህ ሳህን ላይ በክብሪት አቃጥለው። ተኮማትሮ ጥቁር እንክብል ከሆነ ፕላስቲክ ነው። እውነተኛ የብረት ክር ቢሆን ኖሮ ውስጡ ያለው ክር ተቃጥሎ ቀጭን ሽቦ ይቀርልህ ነበር። ፕላስቲክ መሆኑ ነውር የለውም፤ ቀላል ነው፣ አይጠቁርም። የምትከፍለው ግን ለሸማኔው እጅና ለፈትሉ ጥራት ይሁን። ጥለቱን ገልብጠህ እይ፦ ከጀርባው የተንጠለጠለ ረጅም ክር ከበዛ የሙሽራዋ አምባርና ቀለበት ይስበዋል።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ክር ሙቀት አይችልም። ካውያው በአንድ ነጥብ ልክ (110 ዲግሪ) ይሁን፣ በተቃራኒው በኩል፣ ጨርቅ ጣል አድርጎ። በረኪና አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ሽቶም ልብሱ ሳይለበስ በፊት ቆዳ ላይ ይረጫል እንጂ ጥለቱ ላይ አይረጭም።

ከቨርጂኒያ፦ ባለ ወርቃማ ጥልፍ ቀሚስና ካባ አዲስ አበባ አሰፍቼ ማስመጣት እፈልጋለሁ። ልኬን በስልክ ብነግራቸው ይበቃል? ሠርጌ ሚያዝያ መጨረሻ ነው።

ይበቃል፣ ከነገርሻቸው ሳይሆን ከጻፍሽላቸው። በሳንቲሜትር ጻፊ፤ አንቺ በኢንች ስትነግሪያቸው እነሱ በሳንቲሜትር ሲጽፉ ነው ብዙ ቀሚስ የሚበላሸው። የሚያስፈልጉት፦ ደረት፣ ከጡት በታች፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከትከሻ ጫፍ እስከ ትከሻ ጫፍ፣ የክንድ ውፍረት፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ ከትከሻ እስከ መሬት። የመጨረሻውን የሠርጉን ጫማ አድርገሽ ለኪና 1.5 ሳንቲሜትር ቀንሺለት። የምትለኪው ራስሽ አይደለሽም፣ ሌላ ሰው ይለካሽ። በእያንዳንዱ ጎን 3 ሳንቲሜትር ትርፍ እንዲተዉልሽ ጠይቂ፤ ወርቃማ ጥልፍ ከሆነ ደግሞ ጥልፉ ስፌቱ ላይ ሳይደርስ እንዲቆም። ስፌቱ ላይ የተጠለፈ ቀሚስ እዚያ አገር ማንም አስፍቶ ሊሰጥሽ አይችልም።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ሸማኔውም ጠላፊውም ፋታ የለውም። ለሚያዝያ መጨረሻ ከሆነ በጥቅምት እዘዢ፣ ዕቃው ከሠርጉ 6 ሳምንት ቀድሞ እጅሽ ይግባ። የካባው ነገር፦ ሙካሽ (የካባው የወርቃማ ክር ጥልፍ) ሸካራ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ዳንቴል ይቦጭቃል። ካባው በሙካሽ ከተሞላ ቀሚሱ ትከሻው ላይ ጥልፍ አይኑረው፣ የካባው ውስጥም በሳቲን ይገበር። ሁለቱንም አንድ ቤት አሠሪ፤ የአንዱ ወርቅ ቢጫ፣ የሌላው ቀይማ ሲሆን ጎን ለጎን ሁለቱም ያረጁ ይመስላሉ።

ከጅማ፦ የአንገት ሐብሌ 21 ካራት ነው፣ ቬሎው ሻምፓኝ። ይጋጫል?

ትንሽ ይጋጫል። 21 ካራት 87.5 በመቶ ወርቅ ስለሆነ ቢጫነቱ ጠለቅ ይላል። 18 ካራቱ (75 በመቶ) ፈዘዝ ስለሚል ለሻምፓኝ ይቀርባል። ሌላ አትግዢ፣ ከዘመድ ተዋሺ።

ከሐዋሳ፦ ወርቃማ ቬሎ ልከራይ ነው፣ ምን ልይ?

ብብቱን ገልብጠሽ እይ፤ የላብ ቢጫ ካለ አይለቅም። ከዳሌው በታች፣ የተቀመጡበት ቦታ ላይ፣ የረገፈ ብልጭልጭ ቁጠሪ። ዚፑን ለብሰሽ ሦስት ጊዜ ክፈቺ ዝጊ። ያየሽውን ጉድለት ሁሉ መያዣ ከመክፈልሽ በፊት ባለቤቷ ፊት በስልክ አንሺና ደረሰኙ ላይ አስጽፊ።

ከዚያው ከሐዋሳ፣ ሌላ ጸሐፊ፦ ሚዜዎቼም ወርቃማ እንልበስ አሉኝ።

ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ የምትለይበት ነገር ይኑር፦ አንቺ የሚያብለጨልጨውን ልበሺ፣ እነሱ በዚያው ቀለም የማያብለጨልጭ ክሬፕ ይልበሱ። ሁሉም ጨርቁን ከአንድ ጥቅል ይቁረጡ፤ በሌላ ቀን ከሌላ ጥቅል የተገዛ ወርቃማ ፎቶ ላይ ይለያል።