ሒሳብ ዲፓርትመንት ደረሳት፤ ምን ልትማር ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ ፍሬሽማን ጨርሳ ሒሳብ ዲፓርትመንት ደረሳት። እሷም ከፍቷታል፣ ጎረቤቱም «በቃ አስተማሪ ልትሆን ነው» ይላል። ለመሆኑ ይህ ትምህርት ክፍል ያለው ለምንድን ነው?
እናት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ እናታችን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ለአሥርት ዓመታት፣ በሒሳብ ዲግሪ መያዝ የፈለገ የወሎ ልጅ አገሩን ለቆ መሄድ ነበረበት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ወልድያ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. መጡ። የትምህርቱ ርዝመትም ተቀያይሯል፦ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ሲሆኑ ዲግሪው ወደ 3 ዓመት አጠረ፤ በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ሲመለስ 4 ሆነ። የ3 ዓመቱ ዘመን ለሒሳብ አልበጀም፤ ካልኩለስ ሳይረጋለት ማረጋገጫ (ፕሩፍ፣ አንድ ነገር ሁልጊዜ እውነት የሆነበትን ምክንያት ማሳየት) ውስጥ የገባ ተማሪ ብዙ ነው።

በየዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ክፍል የሚያስተምረው የራሱን ተማሪዎች ብቻ አይደለም። የፍሬሽማኑን፣ የኢንጂነሪንጉንና የኢኮኖሚክሱን ሒሳብ የሚሸከመው እሱ ነው። ለራሱ ተማሪ ያለው ዓላማ ግን ይለያል። ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓልና የጾም ቀን የሚወጣበት ስሌት፣ ለሐይቅ ሰው እንግዳ አይደለምና በእሱ እንየው። 2018 ላይ 5500 ሲደመር 7518፤ በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ 1 ሲቀነስ ወንበር የሚባለው 12። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ (30 እየተነሣ የተረፈው ሲያዝ) አበቅቴ የሚባለው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30። ይህን ደብተራው በቃሉ ያወጣዋል። ልጅዎ የምትጠየቀው፣ ድምሩ 30 የሆነው በ2018 ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ፣ ለምንስ የሚለውን ነው። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሆኑ፣ ወንበሩ ስንትም ይሁን ድምሩ ከ30 ብዜት አይወጣም። ወንበር 0 ሲሆን አበቅቴ አልቦ፣ መጥቅዕ 30 የሚባለውም ከዚሁ ጋር ይስማማል።

ስለ ሥራው፦ ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ከዲግሪው ሌላ የማስተማር ሥልጠና ሲጠየቅ ቆይቷል። ባንክ፣ ኢንሹራንስ ወይም ሶፍትዌር ካሰበች ስታቲስቲክስና ፕሮግራሚንግ ከ2ኛ ዓመት ጀምራ ትያዝ፤ ዲግሪው ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ ካልኩለስ ላይ ኤ ነበርኩ። ሪል አናሊሲስ (ካልኩለስን በማረጋገጫ የሚያስተምረው ኮርስ) ግን ሚድ ላይ ጣለኝ፤ ቲዎረሞቹን ሁሉ ሸምድጄ ነበር።
ተማሪ፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጣለህ ሽምደዳው ሳይሆን አይቀርም። 1፣ 1/2፣ 1/3 እያለ የሚሄደው ሲኩዌንስ (የቁጥሮች ሰልፍ) ወደ 0 ይጠጋል ስትል፣ ኤፕሲሎን፣ ማለትም ከ0 ያለው ርቀት ከዚህ ይነስ የሚባልበት ፖዘቲቭ ቁጥር፣ መጀመሪያ ይሰጥሃል፤ ተራ ቁጥሩን የምትመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። 0.01 ከተባልክ ከ100ኛው ወዲያ ያሉት ሁሉ ያንሳሉ፤ 0.001 ከተባልክ ከ1000ኛው ወዲያ። ብዙ ተማሪ ቅደም ተከተሉን ይገለብጥና ተራ ቁጥሩን አስቀድሞ ቆርጦ «ለማንኛውም ኤፕሲሎን ይሠራል» ብሎ ይጽፋል። 100ን ቆርጠሃል እንበል፤ ያኔ 1/101 ከማንኛውም ፖዘቲቭ ቁጥር ማነስ አለበት፣ ማለትም 0 መሆን አለበት። አይደለም። ፈታኙ ነጥብ የሚቀንሰው እዚህ ላይ ነው፤ የቀረው አልጀብራ ልክ ቢሆንም አያድንህም።

አጠናንህን እንዲህ አድርገው። ትርጓሜውን ደብተር ሳታይ ጻፍ። የቲዎረሙን ቅድመ ሁኔታዎች አስምርባቸውና አንዱን ሰርዘህ ምን እንደሚፈርስ ፈልግ። ለምሳሌ በዝግ ኢንተርቫል (ሁለቱንም ጫፎቹን በያዘ) ላይ ቀጣይ የሆነ፣ ማለትም የማይቋረጥ፣ ፈንክሽን ከፍተኛ ዋጋ አለው። «ዝግ» የምትለዋን አንሣ፤ በ0 እና በ1 መካከል፣ 0 ሳይገባ፣ 1 ለቁጥሩ ሲካፈል የሚሰጠው ፈንክሽን ቀጣይ ነው፣ ጣሪያ ግን የለውም። ከዚያ በኋላ ማረጋገጫውን አንብብ፤ «ዝግ» የሚለው የትኛው መስመር ላይ እንደሠራ ካላገኘኸው ገና አልገባህም።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ምርጫ ስለሆነ ማረጋገጫ አያስጽፍም፤ ትርጓሜውን ያልያዘ ተማሪ ግን በሁለት ተመሳሳይ አማራጮች መካከል ቆሞ ይቀራል።