በሽተኛው የያዘውን ማስታወሻ አንብቡት

ሜዲስን፣ ነርሲንግ፣ ላብራቶሪ የምትማሩ ልጆቼ፣ በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ከመዥገር ስለሚመጣው፣ ላይም (Lyme) ስለሚባለው በሽታ ልምከራችሁ፣ ዋናው ምክሬ በሽተኛው ሲያወራ አታቋርጡት ነው።

ይሄ በሽታ እኮ የታወቀው በእናቶች ልፋት ነው። አሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ "ላይም" በሚባለው አካባቢ ፖሊ መሬይ የምትባል እናት ነበረች፣ እሷም ባሏም ልጆቿም ለአመታት ሽፍታ፣ ራስ ምታት፣ የጉልበት እብጠት ሲፈራረቅባቸው ሀኪም ቤት ብትመላለስ የሚሰማት አጣች፣ እሷ ግን ማን መቼ እንዳመመው እየጻፈች የጎረቤት ልጆችንም እየመዘገበች ቆየች። በ1975 እ.ኤ.አ. እሷና ሌላ እናት ለጤና ቢሮ አመለከቱ፣ የዬል ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አለን ስቲር ነገሩን ከምር ያዘውና በ1977 የ51 ሰዎች ጥናት ወጣ፣ 39ኙ ልጆች ናቸው።

ጀርሙን ያገኘው ዊሊ በርግዶርፈር ነው፣ በ1981 ሞንታና ውስጥ የመዥገር አንጀት እየመረመረ፣ ስዊዘርላንድ ተማሪ እያለ መዥገር ስለሚያመጣው ግርሻ (እየተመላለሰ የሚነሳ ትኩሳት) አጥንቶ ስለነበር ያን ጥምዝ ባክቴሪያ እንዳየ ለየው። አገራችን በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ የዚው ዘመድ ነው፣ ስለዚ አገር ቤት ማይክሮስኮፕ ላይ ግርሻ ያያችሁ ልጆች የዚን ባክቴሪያ ዘመድ አይታችኋል።

አሁን ወደኛ ሰዎች። መጽሐፍ ላይ ያለው ቀይ ክብ ሽፍታ በብዛት ነጭ ቆዳ ላይ የተነሳ ፎቶ ነው፣ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቡኒ ወይ ወይንጠጅ ወይ የተመታ ቦታ ሊመስል ይችላል፣ ስለዚ ጥሩ ብርሃን ላይ፣ ብብት፣ ከጉልበት ኋላ፣ ብሽሽት ሁሉ እዩ። መዥገር ነክሶሻል ወይ ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ ትንሿ መዥገር ከጤፍ ፍሬ ብዙ ስለማትበልጥ ብዙ ሰው አያያትም፣ ግቢያችሁ መዥገር የሚይዝ አጋዘን ይመጣል ወይ በሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የደም ምርመራው ኔጌቲቭ ሊል ይችላል፣ ሽፍታው ግልጽ ከሆነ የላብራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ነው የሚታከመው፣ ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ በጊዜ የወሰደ አብዛኛው ይድናል።

ታክመው ጨርሰውም ድካሙና ቁርጥማቱ ለወራት የማይለቃቸው አሉ። የኛ ሰው ደግሞ ሁለት ስራ እየሰራ የስራ ድካም ነው፣ ብርድ መቶኝ ነው ይላል። ምንም የለብህም ብላችሁ አትመልሱት፣ ለወራት አንቲባዮቲክ የሚሸጥለትም ጋር አትላኩት፣ እሱ እንደማይጠቅም በጥናት ታይቷል። የቱን ስራ መስራት እንዳቃተው ጠይቁና ቻርቱ ላይ በቀኑ ጻፉ። ድካሙ ለምን እንደማይለቅ ገና አልታወቀም፣ እስካሁን የተጠኑት በሽተኞች ደግሞ አብዛኞቹ ነጮች ናቸው፣ ሪሰርች የምትገቡ ካላችሁ ከዚ ጀምሩልኝ።